እትዬ አረጋሽ እና የጃርት ልብስ

ሐበሻ በተሰበሰበበት ከተማ ሁሉ የሰውን ልጆች ልብስ ሳይጎትት የማያልፍ አንድ ሰው አይጠፋም። ጸሎት ይሁን፣ የዕድር ስብሰባ ይሁን፣ ሰርግ ይሁን፣ ሐዘን ይሁን፣ ያ ሰው በሩ አጠገብ ቆሞ የሚገባውን ሕፃን ሁሉ ከራስ እስከ እግር ይፈትሻል። አንገቱ ጠቦታል፣ ብብቱን ይይዘዋል፣ ሱሪው ያደናቅፈዋል ይላል። ማንም አልሾመውም፤ የሚሽረውም የለም።

በፍራንክፈርት ምዕራብ በኩል ይህን ሥልጣን የያዙት ክብርት እትዬ አረጋሽ ነበሩ። ኒድ በሚባለው ሰፈር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። አንድ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የጀርመንን ሱሪ ሲያሳጥሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ጡረታ የወጣው ግን ወገባቸው ነው እንጂ እጃቸው አልወጣም። አንድ ቀን ኤስባን በሚሉት የከተማ ባቡር ውስጥ የማያውቁት ሕፃን እግር ሥር ተንበርክከው፣ የሱሪውን ጫፍ አጥፈው በሁለት ጣቢያ መሃል ሰፍተውለታል። እናትየው ሰው ልጥራ አልጥራ እያለች ስታመነታ ሥራው አለቀ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሐዘን ቤት ሄደው፣ አባቱ የሞተበት ጎልማሳ ቆሞ ሲያለቅስ የኮቱ ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥሎ አዩ። "አንተ አልቅስ፣ እኔ ልስፋ" አሉት። እሱ አለቀሰ፣ እሳቸው ሰፉ።

ስለ ልጆች ልብስ ያላቸው ሕግ ሁለት አንቀጽ ብቻ ነበረው። አንደኛው "የቆመ ልጅ ልኩ ውሸት ነው" ይላል። ስለዚህ ሜትር አይዙም፤ ልጁ ሲሮጥ አይተው ይቆርጣሉ። ሁለተኛው "ገመድ ለበግ ነው" ይላል።

ከሃይሚ ጋር ያጣላቸው ይህ ሁለተኛው ነው። ሃይሚ ኡንተርሊደርባህ ሰፈር የምትኖር፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ የአንዲት ልጅ እናት ናት። ልጇ ሣራ ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም። እግር ካወጣች ወዲህ ተራምዳ አታውቅም፤ ትሮጣለች። አንድ እሑድ ከጸሎት በኋላ ሃይሚ ልጇን ፈልጋ ስታገኛት፣ ሣራ እትዬ አረጋሽ ጉልበት ሥር ቆማለች፤ የአዲሱ ጃኬቷ ኮፍያ ማጥበቂያ ገመድ ተቆርጦ ወለሉ ላይ ወድቋል።

"እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ገመድ ለበግ ነው" አሉ መቀሱን ወደ ቦርሳቸው እየመለሱ። "ሸርተቴ ላይ አንድ ነገር ቢይዘውስ? ያሠርሽው እኮ አንገቷ ላይ ነው።"

"ልጄ ናት።"

"ለዚህ እኮ ነው ላንቺ የምነግርሽ።"

ከዚያ ወዲያ ሃይሚ ባቡር ውስጥ እትዬ አረጋሽን ስታይ ወደሚቀጥለው ፉርጎ መሻገር ጀመረች።

ኦክቶበር ላይ ሣራ ከምትውልበት፣ ኪታ ከሚሉት መዋለ ሕፃናት ደብዳቤ መጣ። ወሩ በሚያልቅበት ዓርብ ሃሎዊን ስለሚከበር ሕፃናት የመረጡትን መስለው ይምጡ ይላል። የሃይሚ ባል ዓባይነህ፣ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የሚሠራና በጉባኤያቸው መዝሙር የሚመራ ሰው፣ ደብዳቤውን አንብቦ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው።

"የሙታን በዓል ነው። ልጄን አጋንንት አላስመስላትም።"

"አጋንንት ማን አለ? ኢግል ነው መሆን የምትፈልገው።"

ጀርመኖች ኢግል የሚሏት በኒዳ ወንዝ ዳር ቅጠል ውስጥ የምትንኮሻኮሸውን ትንሽ ጃርት ነው። ሣራ አንድ ጊዜ አይታት ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም።

"ቤት ትዋል" አለ ዓባይነህ።

"ዓምናም ቤት ዋለች። በማግስቱ ግድግዳው ላይ የሁሉም ልጆች ፎቶ ተሰቅሎ የራሷን ስትፈልግ አይቻታለሁ።"

ዓባይነህ ምሳ ዕቃውን አንሥቶ ወደ ፈረቃው ወጣ። መውጣቱ ፈቃድ አልነበረም፤ ሃይሚ ግን እንደ ፈቃድ ወሰደችው።

መጀመሪያ ተሠርቶ የሚሸጠውን አመጣች። ሆዱ ውስጥ ሽቦ አለው፣ ጭምብሉ ግማሽ ዓይን ይሸፍናል፣ ከኋላ የሚንዘላዘለው ጨርቅ መሬት ይጠርጋል። ሣራ ለብሳው ሦስት እርምጃ እንደሮጠች ጨርቁን ረገጠችና በግንባሯ ተደፋች። ወለሉ ላይ እንደተኛች፣ ለትልቅ ነገር የምታስቀምጠውን የጀርመንኛ እምቢታዋን ተናገረች። "ናይን።"

ሃይሚ ቁልፍ መትከል እንኳ አትችልም። ኩራቷን ውጣ፣ ልጇን አዝላ ኒድ ሄደች።

እትዬ አረጋሽ በሩን ከፍተው አዩዋት። "ፉርጎ ስትቀይሪ ስትቀይሪ እኔ ቤት ደረስሽ" አሉ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሱትም። ሣራን ወንዙ ዳር ወስደው አስሮጧት። ሲመለከቷት አንገታቸውን እንደ ዶሮ ወደ ጎን ዘንበል አድርገው ነበር። ሃይሚ ያን አንገት ታውቀዋለች። መጦሪያው ውስጥ የዓይናቸው መሃል ማየት ያቆመ ሁለት አሮጊቶች እንደዚያ ነው የሚያዩት። ቤት ሲመለሱ ቀትር ላይ መብራቱ ሁሉ በርቷል። እትዬ አረጋሽ ሰባት መርፌ ዘርግተው "ክር አስገቢልኝ፣ ጣቴ ቆስሏል" አሏት። ሃይሚ አስገባች። ጣታቸው ላይ ቁስል አልነበረም። ዓርብ ሊደርስ ነው፣ ልጅቷ ልብስ የላትም፤ ሃይሚ ምንም አላለችም።

ልብሱ ሐሙስ ደረሰ። ሃይሚ ከሰጠቻቸው የዓባይነህ አሮጌ ሹራብ የተሠራ፣ እንደ ፒጃማ የላላ፣ ፊት የማይሸፍን ለስላሳ ኮፍያ ያለው ነው። ገመድ የሚባል የለውም። ብብቱ ሥር ላብ እንዳይይዛት ክፍት ተትቷል፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠበብ ብሎ ያልቃል። ዳይፐር ለመቀየር ልብሱ ሁሉ እንዳይወልቅ ከኋላ የሚከፈት መዝጊያ አለው። እሾኹ ጥጥ የተጠቀጠቀበት ጨርቅ ሆኖ፣ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ አጠር፣ ጀርባዋ ላይ ረዘም ይላል። ሣራ ለበሰችውና ከኮሪደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ሮጠች፣ ተንከባለለች፣ ሶፋው ሥር ገብታ ወጣች። አውልቂ ስትባል ናይን አለች። ዓባይነህ ሊቆጣ መጥቶ ሹራቡን አወቀው። "ይቺን ጃርት ለብሼ ነው ያገባሁሽ" ብሎ ሳቀ። ያን ሳምንት የሳቀው ያኔ ብቻ ነው።

ዓርብ ረፋድ ላይ ሃይሚ አንድ ሽማግሌ እያጠበች ሳለ የመጦሪያው ቢሮ ሰው ስልክ ይዞላት መጣ። የሣራ ኪታ ሞግዚት ኑርያ ናት፤ የሐረር ልጅ ስለሆነች ከሃይሚ ጋር በአማርኛ ነው የሚያወሩት።

"ሃይሚ፣ ቶሎ ነይ። ሣራ ከሸርተቴው ተንከባልላ ወርዳ ጀርባዋ ላይ የሆነ ነገር ገባ። አምቡላንስ ጠርተናል። አልነቀልኩትም።"

ሃይሚ ስትደርስ ሣራ ኑርያ ጭን ላይ በሆዷ ተኝታለች። አታለቅስም፣ አትንቀሳቀስም። ሃይሚን ያስፈራት ደሙ አልነበረም፤ ደሙ ትንሽ ነው። ልጅቷ ዝም ብላ ስትተኛ አይታ አታውቅም። በጨርቅ እሾኾቹ መሃል የስፒል ራስ ይታያል፤ ቀይ፣ ከምስር የማትበልጥ። አንዱ እሾኽ ውስጥ ከጥጡ ጋር ተሰፍታ የቀረች ስፒል ናት። በዙሪያቸው አፅም የለበሱ፣ ጠንቋይ የለበሱ ሕፃናት ጣታቸውን ጎርሰው ቆመው ያያሉ። የአምቡላንስ ሰዎች ልብሱን ከኋላ በመቀስ ቀደዱት።

ዓባይነህ በሥራ ልብሱ ደረሰ። ወዲያው ከእሱ ኋላ እትዬ አረጋሽ በአጥሩ በር ገቡ። ካፖርት አልደረቡም፤ እግራቸው ላይ የቤት ነጠላ ጫማ ነው፤ የስፒል ቆርቆሯቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈዋል።

"ሣራ የት ናት? ልብሱን አውልቁላት" አሉ፣ ማን ፊታቸው እንደቆመ ሳይለዩ። "ዛሬ ጠዋት በጣቴ ቆጠርኳቸው። አርባ ነበሩ። ሠላሳ ዘጠኝ ነው ያሉት።"

አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደው ጆሯቸውን አቀኑ። የሣራ ድምፅ አልነበረም።

"ወግቷታል?"

"ወግቷታል" አለች ኑርያ።

"መቼ?"

"ግማሽ ሰዓት ይሆነዋል።"

እትዬ አረጋሽ አጥሩን ያዙ። "ሄክስት ጣቢያ ላይ ያልሆነ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ቁጥሩ አልታየኝም። አጠገቤ ሰው ነበር፤ መጠየቅ አፈርኩ። መጨረሻው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።" ይህን የተናገሩት ለማንም አልነበረም።

ዓባይነህ ጮኾ የሚናገር ሰው አይደለም። ቀስ ብሎ፣ አንቱታውን ሳያጓድል፣ "ማየት ካልቻሉ ለምን ይሰፋሉ?" አላቸው።

በጉባኤው ያሉት እናቶች ሁሉ ያውቁ ነበር። ያ ዘንበል የሚል አንገት፣ ቀትር ላይ የሚበራው መብራት የማን ዓይን አልፎት ያውቃል? አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን አልነበረም።

"ልክ ነህ፣ ልጄ" አሉ እትዬ አረጋሽ።

ስፒሏ የጎድን አጥንት አጠገብ ሥጋ ላይ ቆማ ነበር። ሐኪሙ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አቀራርቦ ለሃይሚ አሳያት፤ ይህን ያህል ጨምራ ብትዘልቅ ሳንባ ነበር። ሣራ ሁለት ቀን ሆስፒታል ቆየች። በሦስተኛው ቀን ኮሪደሩ ላይ ሮጠች። ጀርባዋ ላይ ትንሽ ጠባሳ ቀረ።

በጉባኤው ወሬው ተባዛ። አንዳንዱ የበዓሉ ቅጣት ነው አለ፤ አንዳንዱ "ድሮም እኚህ ሴትዮ!" አለ። እትዬ አረጋሽ በሩ አጠገብ መቆማቸው ቀረ። ለመስፋት የተቀበሉት የሰው ልብስ ሁሉ ግማሹ እንደተጠለፈ፣ ግማሹ እንደተቀደደ በፌስታል ታጥፎ በየባለቤቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ። ሲያንጠለጥሉ ያያቸው ሰው የለም። ሃይሚ ተናደደች፤ ከዚያ ንዴቷ ወደ ራሷ ዞረ፤ ይህን ግን ለዓባይነህ አልነገረችውም።

ሣራ የኢግል ልብሷን መጠየቅ አልተወችም። ሃይሚ አጥባው ነበር። ጀርባው ከአንገት እስከ ወገብ ተቀዷል። አንድ ቅዳሜ ራሷ ልስፋ ብላ ተቀምጣ ሁለቱን እጅጌ አንድ ላይ ሰፋቻቸው። ዲሴምበር ላይ ልብሱን በቦርሳ፣ ልጇን በእጇ ይዛ ኒድ ሄዳ ደወለች።

"ቤት የለሁም" አሉ እትዬ አረጋሽ ከበሩ ኋላ።

"እጠብቃለሁ።"

"ዛሬ አልመጣም።"

ሣራ በሩን በሁለት እጇ መደብደብ ጀመረች። "ኦማ" እያለች ነው፤ አያቴ ማለቷ ነው። ብዙ ቆይቶ ቁልፉ ተንቋቋ።

መስኮቱ ሥር የልብስ ስፌት መኪናው የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፤ ወለሉ ላይ አራት የእግሩ ምልክት ብቻ ቀርቷል። አሮጌ ዕቃ በሚነሳበት ቀን መንገድ ዳር አውጥተው ትተውታል፤ የስፒሉን ቆርቆሮም ጭምር። የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደው ነበር። "የሞተው አይነሳም አለኝ። ጠርዙን አያለሁ፣ መሃሉን አይደለም። አሁን ፊትሽን ሳይ ጆሮሽ ብቻ ነው ያለው" አሉ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ።

ሃይሚ ልብሱን ጭናቸው ላይ አኖረች። እጃቸው የተቀደደውን አገኘውና እስከ ጫፉ ሄደ። ከዚያ የተሰፋፉትን እጅጌዎች አገኘ።

"ይህን ማን ነው የሠራው?"

"እኔ።"

"ያሳዝናል።"

 ሣራ ሶፋው ላይ ወጥታ ትዘላለች።

"አንድ ነገር ልንገርዎ" አለች ሃይሚ። "ያን ቀን ክር ሳስገባልዎት ጣትዎ ላይ ቁስል አልነበረም። አይቻለሁ። ሥራዬ ነው፤ አውቃለሁ።"

እትዬ አረጋሽ አንገታቸውን ወደ ጎን አዘነበሉ። "ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ልብሱን ፈልጌ።"

"ለባልሽ ነግረሽዋል?"

"አልነገርኩትም።"

"ንገሪው" አሉ። ቁጣም ይቅርታም አልነበረበትም፤ እንደ ልብስ ልክ ነው የተናገሩት። "እኔ የራሴን ተሸክሜያለሁ። ያንቺን ልጨምርበት አልችልም።"

"ዛሬ እነግረዋለሁ።"

"እና አሁን ምን ልትሠሪ መጣሽ? እኔ እንደሆነ ከእንግዲህ መርፌ አልይዝም።"

"እኔ ልያዝ። እርስዎ ይናገሩ።"

"እኔ ስናገር ሰው ያስቀይማል።"

"እሱን አውቃለሁ" አለች ሃይሚ። ከዚያ አስባው የማታውቀው ነገር ከአፏ ወጣ። "እናቴ ከሞተች ወዲህ በዚህ አገር የሚቆጣኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት።"

እትዬ አረጋሽ ተነሥተው ግድግዳውን ይዘው ሄዱ፤ ከመሳቢያ አንድ መርፌና ጥቁር ክር አምጥተው እጇ ላይ አኖሩላት። ስፒል አላመጡም። ሃይሚ መስኮቱ ሥር፣ ባዶው ቦታ ላይ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አንድ ስንዝር ያህል ሰፍታ ስታሳያቸው በአውራ ጣታቸው አንድ ጊዜ ዳሰሱት።

"ፍቺው" አሉ።

ፈታችው። እንደገና ሰፋች። ዳሰሱት፤ "ጠብቋል፣ ሣራ ስታጎነብስ ይቀደዳል፣ ፍቺው" አሉ። ፈታችው። ውጭው መምሸት ጀመረ። ዓባይነህ ሁለት ጊዜ ደወለ። ሣራ ሶፋው ላይ እንደተዘረጋች እንቅልፍ ወሰዳት።

ለአራተኛ ጊዜ ሰጠቻቸው። እትዬ አረጋሽ ጣታቸውን በስፌቱ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ እንደገና ወደ ታች ነዱት፤ ከውስጥም ከውጭም ደባበሱት፣ እሾኾቹን አንድ በአንድ ጨመቁ። ጣታቸው የትም አልተያዘም። ሃይሚ ጠበቀች።

"ፍቺው" አሉ፣ ድምፃቸው ከበፊቱ ዝቅ ብሎ። "ነገም ትመጫለሽ።"

ሃይሚ ክሩን በጥርሷ በጥሳ መፍታት ጀመረች።