እውነተኛው ፎቅ

«አልበላሁም» አልኳት።

«ያልበላ ሰው አፉን አይዘጋም። ክፈት» አለችኝ እንቁላሏ።

«ጥርሴን እያመመኝ ነው።»

«የትኛውን?»

«ሁሉንም።»

«እሺ፣ ጢምህ ላይ ያለው ክሬምስ?»

«ሳሙና ነው። ልላጭ ስል እኮ ነው የጠራሽኝ።»

እንቁላሏ ወደ ጓደኞቿ ዞረች። ሠላሳ ናቸው። ትሪያቸው ላይ እንደ ዳኛ ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንዷም አልሳቀችም። እዛ አገር እንቁላል ከሳቀ ይሰነጠቃል አሉ።

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ዱቄት ከረጢት ላይ ተጋድሜ ያየሁት ሕልም እንዲህ ነው የጀመረው። ፊልም ቤት አርፍዶ እንደገባ ሰው ክርክሩ መሃል ነው የደረስኩት። እንቁላል ለምን እንደከሰሰችኝ ግን እኔ አላጣሁትም። እናንተም እንድታውቁት ልንገራችሁ።

እኔ አዳማ፣ እትዬ ብርነሽ ኬክ ቤት ነው የምሠራው። ትምህርት አምስተኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል። ክሬም ግን እንደኔ የሚቀባ ካለ አምጡት። የሠርግ ኬክ ታውቃላችሁ፣ ሰባት ፎቅ ሆኖ አዳራሽ መሃል የሚገተረው። እሱ እኮ ስድስቱ ፎቅ ፎም ነው። ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ነጩ ፎም። እሱን በክሬም እንለስነዋለን፣ ሰው ፎቶ ይነሳበታል። እንግዳው የሚበላው ከጓዳ ተቆራርጦ በትሪ ይመጣለታል። እውነተኛው አንድ ፎቅ ብቻ ነው፣ ሙሽሮቹ አንድ ቢላ ለሁለት ይዘው የሚቆርጡት። እንዳይሳሳቱ እሱ ላይ ቀይ ጽጌረዳ እሰካለሁ።

ትናንት ያገባችው ፍሬሕይወት ናት፣ የእትዬ ብርነሽ የእህት ልጅ። ሳምንቱን ሙሉ ስትመላለስ ነበር። «ምንቴ፣ የምቆርጠውን አንተ ራስህ ጋግረው። የብርቱካን ልጣጭ ይግባበት፣ እማዬ በልደቴ የምትሠራልኝ ዓይነት» አለችኝ። እናቷ አምና ነው ያረፈችው። እሺ አልኳት። ደሞ ጋገርኩት። ማለዳ ከምድጃ ሲወጣ ሽታው ብቻ ሰው ይድራል።

አናቱ ግን ትንሽ አብጦ ነበር። ያበጠ ኬክ ላይ ሌላ ፎቅ አይቀመጥም፣ መስተካከል አለበት። ቆረጥኩት። ቁራጩን መጣል ነውር ስለሆነ በላሁት። ከዛ በግራ በኩል ከፍ ያለ መሰለኝ። ግራውን ከረከምኩና በላሁ። አሁን ደሞ ቀኙ ከፍ አለ። እንዲህ ሳስተካክል፣ ሳስተካክል፣ ትሪ የሚያህለው ኬክ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ አከለ። ይሄን ለሠርግ መላክ ስድብ ነው ብዬ እሱንም በላሁት።

ሌላ ልጋግር ዱቄት መንፋት ስጀምር መብራት ጠፋ። ምድጃችን ያለ መብራት ቁም ሳጥን ነው። ጠበቅኩ። አልመጣም። አራት ሰዓት ላይ ሹፌሩ ጀማል መኪናውን አስጠግቶ ጥሩንባ ነፋ። ምን ላድርግ፣ ሰባተኛ ፎም ቆርጬ ለሰንኩት፣ ጽጌረዳዋን ሰካሁበት። ጀማል ጭኖ ሄደ። እኔም ከረጢቱ ላይ ጋደም አልኩ፣ መብራቱን እየጠበቅኩ። ሆዴ ይጮሃል። በቃ፣ ከእንቁላሏ ጋ የተገናኘነው በዚህ ነው።

አንገቴን ይዛ ከመሬት አነሳችኝና ጆሮዋ ሊኖር ይችል የነበረበት ቦታ ላይ ነቀነቀችኝ። እኛ እንቁላል ስንገዛ እንደምናደርገው።

«ውስጡ ነገር አለ። ይንቦጫቦጫል» አለች።

«ባዶ ሆድ ነው» አልኳት።

«ባዶ አይንቦጫቦጭም» አሉ ሠላሳዎቹ ባንድ ላይ።

«ተበላሽቶ ነው ወይስ እውነተኛ ሆኖ?» አለች አንዷ ከኋላ።

«ሲሰበር ይታያል። እስከዛው መስታወት ውስጥ አስገቡት።»

አስገቡኝ። የራሳችን ኬክ ቤት የኬክ መደርደሪያ መስታወት ነው፣ እኔ በየጠዋቱ በጋዜጣ የምወለውለው። ውስጡ በረዶ ነው። መደርደሪያው ላይ ሰዎች ተቀምጠዋል፣ በየአንዳንዳቸው ሥር የዋጋ ወረቀት ተለጥፏል። ጎኔ የተቀመጠው የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ነው።

«መቼ መጣህ?» አልኩት።

«ማክሰኞ» አለኝ። «እባክህ ወደዛ ጠጋ በል፣ ፊቴ እንዳይታይ ጋረድከኝ። ዛሬ ካልተሸጥኩ ለዶሮ ነው የምሰጠው።»

ከመስታወቱ ውጪ አንዲት ቦምቦሊኖ ሦስት ልጆቿን ይዛ ቆማ ታማርጣለች። ትንሹ ቦምቦሊኖ ጣቱን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ያለቅሳል።

«እማዬ፣ ያንን ባለ ጢሙን!»

«ባለ ጢም ሆድህን ያሳምምሃል። መላጣውን ልግዛልህ?»

«መላጣ አልፈልግም።»

«ይሄ ባለ ጢም ስንት ቀኑ ነው?» አለች እናትየው።

«የዛሬ ነው፣ ትኩስ» አለ ሻጩ። ሻጩ ምድጃችን ነው። ክራባት አስሯል።

«ታዲያ ለምን ያልበዋል?»

«የሰረቀው ነገር ይኖራል።»

ቦምቦሊኖዋ እፍር ብላ ልጇን ጎትታ ሄደች። ፀጉር አስተካካዩ አየኝና ከኔ ራቅ አለ።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፣ ጋሪ ላይ ነበርኩ። የአዳማ ጋሪ ነው፣ ግን ፈረሱ ከኋላ ተደላድሎ ስልክ ያወራል፣ ባለጋሪው ይጎትታል። ከባድ ነፋስ አለ። መንገዱ ላይ ሰው ሁሉ ኪሱን ድንጋይ ሞልቶ ይሄዳል።

«ድንጋዩ ለምንድነው?» አልኩት ፈረሱን።

ስልኩን በሰኮናው ከደነና «ሰው እኮ ፎም ነው። ድንጋይ ካልያዘ ነፋስ ይወስደዋል» አለኝ። «አንተ ግን ያለ ድንጋይ እንዴት ተቀመጥክ?»

ቶሎ ጎንበስ ብዬ ከጋሪው ወለል ላይ ጠጠር ለቀምኩና ኪሴ ከተትኩ። ፈረሱ እያየኝ ነበር።

«አሁን ነው የያዝከው» አለ።

«ወድቆብኝ ነው።»

«እኔ ምን አገባኝ» አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ። «ሄሎ፣ አዎ፣ ሳይሆን አይቀርም፣ እሱን እያመጣሁት ነው።»

ልዘል አሰብኩ። ስዘል አዳራሹ ውስጥ አረፍኩ።

አዳራሹ ኬክ በኬክ ነው። ሁሉም ወንበር ይዟል። ፊት ለፊት ሦስት ደረቅ ኬኮች ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። አወቅኳቸው፣ ከፋሲካ ጀምሮ ሳይሸጡ የቀሩት ናቸው። አሁን ሽማግሌ ሆነዋል። መሃል ላይ ደሞ ሰባት ፎቅ ሰው ቆሟል። ሰው በሰው ትከሻ ላይ። ከታች ጀማል፣ ከሱ በላይ እትዬ ብርነሽ፣ ከሳቸው በላይ ሙሽራው፣ ከዛ የሙሽራው አባት፣ ከዛ ፎቶ አንሺው፣ ከዛ ፀጉር አስተካካዩ። ሰባተኛው ቦታ ባዶ ነው።

«ውጣ» አሉኝ ሽማግሌዎቹ።

«ከፍታ ይዞረኛል።»

«ውጣ እንጂ፣ ሙሽሪት ልትገባ ነው።»

ወጣሁ። የእትዬ ብርነሽን ትከሻ ስረግጥ «ቀስ በል፣ እንዳትሰረጉደኝ» አሉኝ። እግሬን ሳነሳ እውነትም የጫማዬ ቅርፅ ትከሻቸው ላይ ቀርቷል።

«እትዬ፣ እርስዎም ፎም ነዎት?» አልኳቸው።

«ሃያ ዓመቴ» አሉኝ። «እስከዛሬ ማን ቆርጦ አየኝ?»

ሙዚቃው ተነሳና ሙሽሪት ገባች። የብርቱካን ኬክ ናት። አናቷ ላይ ቀይ ጽጌረዳ ሰክታለች። እንዳየኋት አወቅኳት፣ እሷኑ ነው የበላሁት። እየተራመደች መጣችና ከሥራችን ቆማ ሽቅብ አየችኝ።

«ምንቴ፣ ግራዬ ከቀኜ ከፍ ይላል እንዴ?» አለችኝ። ድምጿ የፍሬ ነው።

«አይልም» ልል ነበር። አፌ ግን «ትንሽ» አለ።

ያኔ ግራ ጎኗ ጠፋ። ማንም አልነካትም፣ ዝም ብሎ ጠፋ። አፌ ውስጥ ብርቱካን ብርቱካን አለኝ።

«አሁንስ?»

ጥርሴን ነከስኩ። አፌ ግን «አሁን ቀኝሽ ነው» አለ። ቀኟም ሄደ። እየደጋገመች ትጠይቀኛለች፣ አፌ ይመልሳል፣ እሷ ታንሳለች። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። መጨረሻ ላይ የቀረችው ጽጌረዳዋ ብቻ ናት፣ ወለሉ ላይ ቆማለች።

«እንዳማረብኝ ቆረጥ ላድርግ አይደል?» አለች ጽጌረዳዋ። «የትኛው ነው የኔ?»

«ከታች ጀምረሽ ሞክሪ» አሏት ሽማግሌዎቹ።

ቢላው ብቻውን ተነሳ። ጀማል ላይ ሲያርፍ ጭርርር አለ፣ ፎም ሲቆረጥ የሚያወጣው ጥርስ የሚያንገሸግሸው ድምፅ። ነጭ ፍርፋሪ በነፋስ ተበተነ።

«እሱ አይደለም» አለ ሕዝቡ። እልል አሉ ደሞ።

እትዬ ብርነሽ ላይ ጭርርር። «እሷም አይደለችም።» እልል። ሙሽራው። አባቱ። ፎቶ አንሺው እየተቆረጠ «አንዴ ወደዚህ እዩ» ይላል። ፀጉር አስተካካዩ ሲደርሰው «ማክሰኞ ብትመጡ ኖሮ» አለ። ጭርርር። ፍርፋሪው እስከ አፍንጫዬ ደረሰ። አንድ በአንድ ነፋሱ ከሥሬ እየወሰዳቸው፣ የቆምኩት በምን እንደሆነ እንጃ።

ቢላው እኔ ጋ መጣ።

«እኔም ፎም ነኝ» አልኩ። «ይኸው ድንጋይ ይዣለሁ።» ኪሴን ገልብጬ ጠጠሬን አሳየሁ።

«ልክ ነው፣ ድንጋይ ይዟል» አለ አንዱ ሽማግሌ። «እንተወው።»

«ታዲያ የኔ የቱ ነው?» አለች ጽጌረዳዋ። «እንግዳው ሁሉ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ከእማዬ የቀረኝ እኮ እሱ ብቻ ነው።»

ዝም ብል አመልጥ ነበር። ዝም ልል ደሞ ቆርጬ ነበር። ሆዴ ግን አንዴ ጮኸ፣ ሁለቴ ጮኸ፣ ከዛ አገሳሁ።

አዳራሹ በሙሉ ብርቱካን ብርቱካን ሸተተ።

እንቁላሎቹ ከትሪያቸው ላይ ተነሱ። «ብለን ነበር» አሉ። «ውስጡ ነገር አለ።»

ጽጌረዳዋ አልተቆጣችም። ዘንበል ብላ እያየችኝ ቢላውን ሆዴ ላይ አሳረፈችና ተጫነች።

ዓይኔን ስገልጥ ሆዴ ላይ ያረፈው የእትዬ ብርነሽ ጣት ነው። ለሠርጉ የለበሱትን የአበሻ ቀሚስ እንደለበሱ፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ቆመዋል። መብራት አልመጣም። ውጪ የጀማል መኪና ይንተከተካል።

«ቆረጡ እንዴ?» አልኳቸው።

«ቢላው አልገባም» አሉኝ። «ሙሽራው በሁለት እጁ ቢጫነው ጭርርር አለ፣ በማይክራፎን ተሰማ። ፍሬ ቢላውን ይዛ ቆማለች። የእማዬን ሳልቆርጥ አልቀመጥም ብላለች።»

ልዋሽ አፌን ከፈትኩ። ስንት ውሸት እንዳዘጋጀሁ ብታዩ። ስለ ጀማል፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ አይጥ። አንዱም አልወጣ አለኝ።

«እትዬ፣ ሁሉም ፎም ነው» አልኳቸው። «እውነተኛውን እኔ በልቼዋለሁ።»

«ሙሉውን?»

«ላስተካክለው ብዬ ነው።»

ሆዴን አዩት። ስልኩ ውስጥ ከበሮ ይሰማል፣ ከዛ ከበሮው ቆመና የፍሬ ድምፅ መጣ። ምን እንዳለች አልያዝኩትም። እሳቸው ሰምተዋታል።

«እሺ የኔ እናት፣ ተገኝቷል» አሏት። «ቢላውን ብቻ እንዳትለቂው።»

ስልኩን ዘጉና ሸሚዜን ከሚስማሩ ላይ አውርደው ወረወሩልኝ።

«ልበስ። ጀማል ሞተር አላጠፋም። እውነተኛውን አምጡልኝ ብላለች።»