ዘውዴ ያየችው ባሕር

መቼም ወሬ ያለ ቅመም አይበላም። እኔ ደግሞ ቅመም ላይ እጄ አይሰስትም፤ እዚህ ለንደን፣ ዊልስደን ላይ አውቶቡስ አሥር ደቂቃ ቢዘገይብኝ፣ ሼፈርድስ ቡሽ ስደርስ ጢሜ እስኪያድግ እንደ ቆምኩ አድርጌ ነው የማወራው። ጓደኞቼም ይህን ስለሚያውቁ የምነግራቸውን ለአራት አካፍለው ይሰሙኛል። ታዲያ አንድ ቤት ለሁለት አጋናኝ አይበቃምና፣ ባለቤቴ ዘውዴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የምጽዋ ልጅነቷን ስታወራኝ እኔም አካፍዬ ነበር የምሰማት።

አባቷ ወደብ ላይ ይሠሩ ነበርና እሑድ እሑድ በጀልባ ይዘዋት ይወጣሉ። ጎንበስ ስትል፣ ከውኃው ሥር ድንጋዩ እንደ አበባ ፈክቶ፣ ዓሣው ሁሉ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ብሎ ለብሶ ይታያታል።

«ኮራል ይባላል፤ ሕይወት ያለው ድንጋይ ነው» ትለኛለች።

«ድንጋዩስ ደኅና ዋልሽ አለሽ?»

«አንተ ሰው! አንድ ቀን በዓይንህ ታየዋለህ።»

ያ አንድ ቀን ሳይመጣ ቀደመችኝ። ከዚያ ወዲህ ቴምዝ ወንዝን፣ ያንን ወተት የበዛበት ሻይ የመሰለ ውኃ ባየሁ ቁጥር፣ ልቤ ወደ እሷ ባሕር ይሸፍታል።

ዘንድሮ ልጄ ሰላም፣ «አባዬ፣ ምጽዋ ባይሆንም በግብፅ በኩል ያው ቀይ ባሕር ነው፤ ቡክ አድርጌልሃለሁ» አለችኝ። ሄድን። በጀልባ ኮራሉ ዘንድ አደረሱን፤ መነጽር አጠለቁልኝ፣ መተንፈሻ ቱቦ አፌ ውስጥ ሰኩብኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ የዳክዬ እግር የመሰለ ላስቲክ ተጫማሁ።

ውኃው ውስጥ ገብቼ ገና ቀና ከማለቴ አስጎብኚው «ደኅና ነህ?» አለኝ በእንግሊዝኛ። እንግዲህ እኛ አበሾች «አዎ» የምንለው እንዴት ነው? ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን አይደል? ሳብኩት። የቱቦው ጫፍ ከኋላዬ ውኃ ውስጥ መነከሩን ማን ልብ ብሎ! የቀይ ባሕር ግማሹ ገባ። ሰውዬው ደንግጦ ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሜ አዎ አልኩና ቀሪውን ግማሽ ጠጣሁት።

«በቃ፣ ወደ ጀልባው!» ብሎ ክንዴን ያዘ።

 ይህን ሁሉ ዓመት ናፍቄ፣ ዘውዴ ያየችውን ለማየት አንገቴን መድፋት ብቻ ሲቀረኝ ልመለስ? ደግነቱ ሰላም እየዋኘች ደረሰች።

«እየታፈነ አይደለም፣ አዎ ማለቱ ነው!» ብላ አስረዳችው። ወዲያው ወደ እኔ ዞራ፣ «አባዬ፣ በናትህ፣ አዎ ስትል ራስህን ነቅንቅ!»

ነቀነቅሁ። ለቀቀኝ። ፊቴን ውኃው ውስጥ ከተትኩ።

ለንደን ስመለስ ያየሁትን እንዳለ፣ ያለ ቅንጣት ቅመም ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። «አንተ! ባሕር ውስጥ ገብተህም አልተውክም?» አለ አንዱ። እንዲያምኑኝ ስል ቀለሙን አደበዘዝኩት፤ ዓሣውንም አሳነስኩት፤ ይኸኔ «እንዲህ ከሆነስ ይሆናል» አሉ። እኔ ሰውዬው ቀንሼ ዋሸሁ!

ወደ ቤት ስመለስ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ነው የገባኝ። ዘውዴ የነገረችኝ ባሕር ካየሁት ያንስ ነበር። ለካ እሷም እንዳምናት ብላ ቀንሳልኝ ኖሯል። አሁን ብትኖር ሙሉውን ልናወራው እንችል ነበር፤ ሁለታችን ብቻ።