ባሌ የጠገናት የእናቴ የስፌት መኪና

ሰነፍ ባል ያላችሁ ሴቶች፣ ተንበርክካችሁ ፈጣሪያችሁን አመስግኑ! ሰነፍ ባል ምን ያደርጋል? ይበላል፣ ይተኛል፣ አንዳንዴም ያኮርፋል... አለቀ። ቤት የሚያፈርሰው ትጉው ነው። ሥራ ሲፈታ እጁን የሚበላው፣ በሰላም የተቀመጠ ዕቃ ባየ ቁጥር «ይሄ ነገር እኮ ትንሽ ቢነካካ...» የሚለው። እሱን ነው መፍራት! እኔ ትጉ ባል ነበረኝ። አሁንም አለኝ፤ አልተሻለውም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፣ እዚሁ ቆቦ። ባሌ ደምሴ ያኔ የእጅ ሙያ መምህር ነበር። ተማሪዎቹን ምን ያስተምራቸው እንደነበር እግዜር ይወቅ፤ እኔ የማውቀው ቤት ሲመጣ የሚሠራውን ነው። የጎረቤታችን ሬዲዮ ትንሽ ያንኮራፋል ብሎ ጠገነው፤ ሬዲዮው ከዚያ ቀን ጀምሮ አፉን አልከፈተም። የግድግዳ ሰዓታችንን ጠገነ፤ እስከ ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ነን። የእናቴን በር ማጠፊያ ጠገነላት፤ ምስኪን፣ ለአንድ ሳምንት በመስኮት ገባች። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ታዲያ ያፏጫል! ጉዳት እያደረሰ የሚያፏጭ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እናቴ፣ እትዬ ዘነቡ፣ የምትኖረው እኛው ግቢ ውስጥ ካለችው ክፍል ነበር። የስፌት መኪና ነበራት። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከደሴ በጭነት መኪና አስጭኖ ያመጣላት፣ ጥቁር፣ በእግር የምትረገጥ፣ ገና ያኔም አሮጌ የነበረች መኪና። እሱ ሲሞት እኔንና ወንድሞቼን ያሳደገችን መኪናዋ ናት። «ከጎብዬ እስከ ዋጃ የተዳረች ሙሽራ ሁሉ የኔን ስፌት ለብሳ ነው» ስትል እማዬ ታጋንናለች፤ ግን ብዙም አታጋንንም። ያቺ መኪና ለእናቴ ባሏም፣ እርሻዋም፣ ጡረታዋም ነበረች።

ከዚያ ዘመን ተገለበጠ። በየቤቱ ያለ የስፌት መኪና «የማምረቻ መሣሪያ» ነው፣ የማምረቻ መሣሪያ ደግሞ የሰፊው ሕዝብ ነው ተባለ። ሰፊው ሕዝብ መስፋት ይችል እንደሆነ የጠየቀ የለም። ቀበሌያችን የሴቶች ስፌት ማህበር አቋቋመና ሊቀመንበሯ ጓድ የሺ ቤት ለቤት እየዞረች መኪና መሰብሰብ ጀመረች። እማዬ ይህን ሰማች። ጓዳ ገብታ የቅቤውን ቅል አወጣች፣ ቅቤውን ከአመድ ጋር ለወሰችና መኪናዋ ያላትን ቀዳዳ ሁሉ ጠቅጥቃ ደፈነችው። ጓድ የሺ መጥታ መዘውሩን ብትገፋው... ወይ ፍንክች!

«እቺማ ሞታለች» አለችና ሄደች።

እማዬም በአልጋ ልብስ ሸፈነቻት፣ ላይዋ ላይ የፕላስቲክ አበባ አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞረች። «ይሄም ቀን ያልፋል፤ ሲያልፍ እሰፋባታለሁ» አለችኝ። ቅቤው በቆቦ ሙቀት እየቀለጠ በወረደ ቁጥር ሌላ ትጨምርባታለች። ከአስፋልቱ የወታደር መኪና የሚያስነሳው አቧራም እየገባ ይቦካበታል። ዓመት ሳይሞላው ሲሚንቶ ወጣው።

ይህን የምናውቅ እሷና እኔ ብቻ ነበርን። «ባልሽስ?» ትሉኝ ይሆናል። ደምሴ ምሥጢር የሚችለው ጠላ ቤት እስኪደርስ ነው! ያልነገርነው ክፋቱን ፈርተን አልነበረም፣ አፉን እንጂ። ያኔ ደግሞ የአንድ ሰው አፍ ሌላውን ሰው እስር ቤት ይከት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ደምሴ ሥራ ፈቶ ግቢውን ሲዞር የአልጋ ልብሱን ገልጦ አያት። አለቀልን!

እንግዲህ በኛ አገር አማትና አማች እንዴት እንደሚነጋገሩ ታውቃላችሁ። አንቱ ተባብለው፣ እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ እሱ መሬት መሬት እያየ። አንደኛው ሌላውን «እምቢ» ብሎ አያውቅም፤ ነውር ነው።

«እማማ፣ ይህችን መኪና ልጠግንልዎ?» አለ ደምሴ።

«ኧረ አይድከሙ፣ ባክዎ!»

«ምን ድካም አለው!»

«አርጅታለች እኮ፣ ይተዋት።»

«ለእርስዎማ እንኳን መኪና...»

«በሞቴ ይተዋት!»

ይኸውላችሁ! «ጠግቤያለሁ» ያለ ሰው ሌላ እንጀራ በሚጨመርበት አገር «በሞቴ ይተዋት» ማለት «ምን ትጠብቃለህ፣ ጀምር እንጂ» ማለት ነው። ሴትዮዋ ከዚህ በላይ ምን ትበል? ደምሴ ይሉኝታዋ ልቡን ነካው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። መፍቻውን ሊያመጣ ሮጠ።

እኔ በድንጋጤ እማዬን ጓዳ አስገባኋት። «ልንገረው እንዴ?»

«ተዪው» አለችኝ ዘና ብላ። «ሬዲዮውን አላየሽም? ያንቺ ባል ከነካት በኋላ እንኳን ጓድ የሺ የሠራት ፈረንጅም አያስነሳትም። እኔም ቅቤዬ ይተርፈኛል።»

እውነቷን መሰለኝ። ተረጋጋሁ።

ደምሴ ግን ዝም ብሎ መፍታት አልፈለገም። መጀመሪያ «ዘሯን ማወቅ አለብኝ» አለ። ሚስቱን ሲያገባ እንኳን ዘር አልቆጠረም! በነጭ ጋዝና በአመድ ሲፈትጋት ከርሞ ከቅቤው ሥር የወርቅ ቀለም ብቅ አለ። የአንድ ክንፍ ጫፍና የፈረንጅ ፊደል ስብርባሪ። ያየ ሁሉ ይፈርዳል፤ አንዱ ጣሊያን ጥሎት የሄደው ነው ይላል፣ አንዱ የእንግሊዝ ነው ይላል። በመጨረሻ አናቷን ነቅሎ በጋቢ ጠቅልሎ፣ ሕፃን ሊያስከትብ እንደሚሄድ ሰው ታቅፏት ዋጃ ሄደ፤ አያ ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ዘንድ። አያ ሰይድ ገልብጠው አይተው፣ አሽትተው፣ «ጀርመን ናት። ግን ወላሂ፣ ይህችን መኪና ሰው ናት ወይስ ወጥ ናት ብላችሁ ነው የቀባችኋት?» አሉት።

ደምሴ ከዋጃ ሲመለስ ገና ከበሩ ይጮኻል።

«እማማ! አሻጥር ነው! ሰው ሆን ብሎ ቅቤ ጠቅጥቆባታል! የለየለት የኢኮኖሚ አሻጥር!»

«ውይ... ማን ይሆን እቴ?» አለች እማዬ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ።

አፉን በእጄ ያዝኩት። ያኔ አሻጥረኛ ተብሎ የተጠራ ሰው ወደ ቤቱ የሚመለሰው በዕድል ነበር። «ባክህ ቀስ በል፣ አጥሩ አገዳ ነው» አልኩት። ቀስ አለ፤ ያም ማለት እስከ ሁለተኛው ጎረቤት ብቻ ተሰማ።

ከዚያ ጥገናው ተጀመረ። ብረቶቹን አውጥቶ በወጥ ድስቴ ቀቀላቸው። በእንፋሎቱ ቤቱ ጠግቦ አደረ፤ እኛ ጾማችንን ነበርን። ከአፋር የመጣ የግመል ጠፍር አስቆርጦ ቀበቶ አበጀላት። መልሶ ሲገጥማት አንዲት ብረት ተረፈችው። አገላብጦ አያትና «ትርፍ ናት» ብሎ ኪሱ ከተታት። እኔና እማዬ ተያየን፤ ተስፋችን ለመለመ! ብረት ካስተረፈማ በቃ፣ አከተመላት።

ተቀመጠ። እያፏጨ መርገጫውን ረገጠው። ታክ... ታክ... ታክ ታክ ታክ ታክ ታክ!

ሰውዬው በሕይወቱ አንድ ነገር ጠገነ። ከሬዲዮ፣ ከሰዓት፣ ከበር፣ ከሰማይና ከምድር መርጦ እሷን! ጎረቤቱ ድምፁን ሰምቶ በአጥር ላይ እልልታውን አቀለጠው። እማዬ ሰው ፊት ምን ታድርግ፣ እሷም እልል አለች። እንባዋ ግን ይወርዳል። «የደስታ ነው!» አለኝ ደምሴ ደረቱን ነፍቶ። እኔ እሱን የምመታበት መጥረጊያ ብቻ ነበር የምፈልገው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጓድ የሺ ጠብመንጃ ካነገቱ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ጋር ደረሰች። መዘውሩን በጣቷ ነካ ስታደርገው ዞረ።

«ከሞት ተነሳች አይደል? የት አገር ሥራ ናት?»

«ጀርመን!» አለ ባሌ፣ ጠያቂ በማግኘቱ እየተፍነከነከ።

«ምሥራቅ ወይስ ምዕራብ?»

ደምሴ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰበ። «ጓድ፣ ይህች መኪና ጀርመን ሳትከፈል በፊት የተሠራች ናት።»

ጓድ የሺም አሰበች። ከዚያ ፈረደች፦ «የምሥራቅ ከሆነች ወዳጅ አገር ለሰፊው ሕዝብ የላከችው ናት። የምዕራብ ከሆነች የኢምፔሪያሊስት ንብረት ናትና ትወረሳለች። ስለዚህ ግማሿ በስጦታ፣ ግማሿ በውርስ ትገባለች።»

እንግዲህ ዘር ማጣራት ለዚህ ጠቀመን።

«ግን» አለች ጓድ የሺ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ፣ «ያኔ ለምን አልሠራችም?»

«ቅቤ!» አለ ባሌ። እግሩን ረገጥኩት። «ምን ያስረግጥሻል? ቅቤ ተጠቅጥቆባት እኮ ነው!»

 ጓዶቹ ጠብመንጃቸውን አስተካከሉ። እናቴን ይዘዋት ሲሄዱ ታየኝ። እማዬ ግን ከነጠላዋ ውስጥ ቀስ ብላ ወጣች።

«እኔ ነኝ የቀባኋት፣ ልጄ። ዓመት በዓል ሲመጣ ቤት ያለው ሁሉ አናቱን ይቀባል። እሷን ብቻ እንዴት ልዝለላት? ቅር አይላትም?»

ጓድ የሺ እናቴን ከላይ እስከ ታች አየቻት። እንደዚህ ያለች ኋላቀር ሴት በማግኘቷ ፊቷ በራ። አብዮቱ የተነሳው ለካ ለሷ ነው! «እናት» አለቻት በርኅራኄ፣ «ከነገ ጀምሮ መሠረተ ትምህርት ይግቡ።» እናቴ ዳዊት የደገመች ሴት ናት። እጅ ነስታ «እሺ» አለች፣ ሀ ሁን ልትማር። መኪናዋን ተሸክመው ወጡ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ያቺ ኪስ የገባች «ትርፍ» ብረት ለካ ትርፍ አልነበረችም፤ ደምሴም ሱሪ ሲያራግፍ ጥሏት ኖሯል። መኪናዋ ማህበሩ አዳራሽ ስትደርስ አልሰፋ አለች። ደምሴን ጠሩት። አንገቷን በቡጢ ተጭኖ ሲይዛት ትሰፋለች፤ ሲለቃት ትቆማለች። ከዚያ ወዲያ ምን አማራጭ አለ? ከትምህርት ቤት እንደወጣ በየቀኑ እየሄደ እንዲጫናት ተመደበ። ከሴቶች መካከል ብቻውን ወንድ ሆኖ የሚሊሺያ ሱሪ ያሰፋል። የአንዱ ሱሪ እግር ተጣሞ በተሰፋ ጊዜም ሂስ ወረደበትና ቆሞ ግለ ሂስ አደረገ። ቤት ሲመጣ ማፏጨቱን ትቶ ነበር፤ እኔ በበኩሌ ይህን የአብዮቱ ብቸኛ ፍሬ ብዬ ቆጠርኩት።

እማዬ ግን ከሳች። በአዳራሹ በኩል ባለፈች ቁጥር ያቺ መኪና ስታቃስት ትሰማለች። ዘይት አይሰጧትም፤ ወፍራም ካኪ በቀጭን መርፌ ያስውጧታል። አንድ ቀን ከመሠረተ ትምህርት ስትመለስ እግሯ ወደ ቤት እምቢ አላት። ተከትያት ገባሁ። ነጠላዋን ከአፏ ላይ አውርዳ ትከሻዋ ላይ ጣለችው።

«ጓድ የሺ! ከቤቴ የወሰዳችሁትን መልሱልኝ! የልጆቼ እናት ናት፤ ስትሞትብኝ ቆሜ አላይም!»

አይድከሙ የለ፣ ባክዎ የለ! ዕድሜዋን ሙሉ ቀጥ ያለ ቃል ከአፏ ያልወጣ ሴት። እንደዚያ ቀን በእናቴ ኮርቼ አላውቅም። ሰፊዎቹ ሁሉ መርገጫቸውን አቁመው ያዩዋት ነበር፤ ጓድ የሺም ደነገጠች። «ጉዳዩ በስብሰባ ይታያል» አለች።

ስብሰባው ተደረገ። ውሳኔው በአንድ የአብዮት ጥበቃ በኩል መጣ፦ «የእናት አቤቱታ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል፤ ከቤታቸው የተወሰደው ነገ ይመለስላቸዋል።» እማዬ መሬቱን ስማ ተነሳች! ክፍሏን ጠረገች፣ መስኮቱ ሥር ቦታ አዘጋጀች፣ አዲስ ክር ከሳጥኗ አወጣች። ማልዳ በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቅ ዋለች።

ከሰዓት በኋላ ደምሴ ብቻውን እየሳቀ ገባ። እጁ ባዶ ነው።

«መለሱኝ!» አለ። «እንዴት እንደምትያዝ ለአንዲት ጓድ አስተምሬያት ተካችኝ። በእርስዎ አቤቱታ ነው አሉኝ፣ እማማ! እግዜር ይስጥልኝ!»

እማዬ አየችው። ከበስተኋላው ያለውን ባዶ መንገድም አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ነጠላዋን ወደ አፏ መለሰችና ጎንበስ አለች።

«እሰይ! እንኳን በደህና ተመለሱልን!»

ወዲያው ወደ እኔ ዞር ብላ፣ በነጠላዋ ውስጥ በሹክሹክታ፣ «ምናለ» አለችኝ፣ «ከሁለቱ የቱን እንደምፈልግ እንኳን ቢጠይቁኝ?»