ሊቀ ሰጋቱራ ዳኛቸው

በየሰፈሩ፣ በየማኅበሩ፣ በየትዳሩ ውስጥ ሳይጠየቅ የሚያስረዳ አንድ ሰው አለ። አንዱ የመኪና ሞተር ያስረዳል፣ ሌላው የፓስፖርት ጉዳይ፣ ሌላው ደግሞ ሐኪሙ ያዘዘልህ መድኃኒት ለምን ስህተት እንደሆነ። ለእኔ የደረሰኝ ሽንት ቤት የሚያስረዳው ነው። ምሳ ላይ ከሆናችሁ ጨርሳችሁ ተመለሱ። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ምሳ ላይ ነው የሰማሁት።

ባለቤቴ ክቡር ዳኛቸው በሙያው የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ከስድስት ዓመት በፊት እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ፊንስበሪ ፓርክ የተከራየነው ፍላት ሊሸጥ ነው ተባለና ልቀቁ የሚል ደብዳቤ መጣ። እኔ ዕቃ በካርቶን መጠቅለል ስጀምር፣ እሱ አንድ ቀን ከሥራ ገብቶ ኮቱን ሳያወልቅ "እታለም፣ ቤት አገኘሁ" አለኝ። ወስዶ ያሳየኝ ቤት ካናል በሚሉት፣ ሰው በቆፈረው ወንዝ ላይ የሚንሳፈፍ ጀልባ ነው። ርዝመቱ አንድ ተኩል አውቶቡስ ይሆናል፤ ወርዱ ግን እጆቼን ብዘረጋ ሁለቱን ግድግዳ ለመንካት ትንሽ ነው የሚቀረኝ። በዚያ ላይ በየሁለት ሳምንቱ ከቆመበት ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ አለበት፤ ሕጉ ነው።

"ሽንት ቤቱስ?" አልኩት።

በሕይወቴ ጠይቄው የማውቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው። "ነገሩ ቀላል ነው" አለና አርባ ደቂቃ አስረዳኝ።

የማብራሪያው ፍሬ ነገር ይህ ነው። የብስ ላይ የሚኖር ሰው ውኃ ይለቅና ይረሳዋል። ጀልባ ላይ ግን የትም አይሄድም፤ አብሮህ ይኖራል፣ አንተው ታስቀምጠዋለህ፣ አንተው ትሸኘዋለህ። ስለዚህ ባለ ጀልባ ከመኝታው በፊት፣ ከምድጃው በፊት፣ ሽንት ቤቱን ነው መምረጥ ያለበት።

የመጀመሪያው ሽንት ቤታችን ጀልባዋ ይዛው የመጣችው ነበር፤ ታንከሩ አልጋችን ሥር። እንደ ማንኛውም ቤት ውኃ ትለቃለህ፣ በወር አንዴ ጀልባህን ነድተህ ወደ መምጠጫው ትወስዳለህ፣ እዚያ በወፍራም የጎማ ቱቦ ይመጠጣል። ሰው ምን ላይ እንደተኛ ባያስብ ጥሩ ነበር። ክቡርነታቸው ግን በየማለዳው ፍራሹን አንሥተው ታንከሩን በጣታቸው ያንኳኩና፣ ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው ጆሯቸውን ደግነው "ሦስት አራተኛ" ይሉኛል። እንደምን አደርሽ የሚሉኝ ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ጃንዋሪ ካናሉ በረዶ ሠርቶ ጀልባዋ ንቅንቅ አልል አለች። ታንከሩ ሞላ። ዘጠኝ ቀን እኔ በማጸዳው ቢሮ፣ እሱ በአውቶቡስ ጋራዡ እየተገለገልን ከረምን።

ሁለተኛው ካሴት የሚሉት ነው። ሃያ ሊትር የሚይዝ ሣጥን ሲሆን፣ ሲሞላ ከመቀመጫው ሥር ተስቦ ይወጣና ወደ ማፍሰሻው ይወሰዳል። ጎማ አለው፣ የሚሳብ እጀታ አለው። ለማያውቀው ሰው አውሮፕላን ውስጥ ይዘውት የሚገቡት ሻንጣ ነው የሚመስለው። መከራችን የመጣውም ከዚሁ ነው።

አልታየሽ የማኅበራችን አባል ናት። አርችዌይ ባለ ሁለት ሽንት ቤት የካውንስል፣ ማዘጋጃው የሚያከራየው ቤት አላት፤ ሁለት መሆናቸውን ረስቶ የሚያውቅ ሰው የለም፣ አታስረሳምና። አንድ ቅዳሜ ዳኛቸው ካሴቱን እየጎተተ በካናሉ ዳር ሲሄድ ፊት ለፊት ተገናኙ።

"ዳኛቸው! መንገድ ነው እንዴ?"

"አይ፣ እዚሁ ነኝ።"

"በል ሻንጣውን ስጠኝ።"

"ተይው አልታየሽ፣ ይከብድሻል።"

"ኧረ ስጠኝ! ምነው፣ ባዳ ነኝ እንዴ?"

"በእመቤቴ ተይው!"

"በእመቤቴ ካልክማ ጭራሽ አልተውም!"

የእኛ ሰው ሻንጣ ልያዝልህ ብሎ ከተነሣ መጨረሻው የታወቀ ነው። አልታየሽ እጀታውን ነጥቃ መቶ እርምጃ ያህል ጎተተችው፤ ጤናዬን፣ ሥራችንን፣ ሁሉንም እየጠየቀች። ከዚያ ቆም አለችና "ምን ቢኖርበት ነው እንዲህ የከበደው? መጽሐፍ ነው?" አለችው።

ሌላው ባል "አዎ፣ መጽሐፍ ነው" ይል ነበር። የእኔው "ነገሩ ቀላል ነው" አለ።

አልታየሽ እዚያው መንገዱ ላይ ጥላው ሄደች። ደህና ዋል እንኳ አላለችውም። በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ ማኅበሩ ሁሉ ሰምቶ ነበር።

ይህ እየሳቁ የሚያልፉት ነገር ነበር፣ ተራችን ባይደርስ ኖሮ። የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኞች አሥራ አራት ነን፤ በየወሩ ጽዋው ካንዱ ቤት ወደ አንዱ ቤት ይዞራል። ጀልባ ከገባን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኛ ሲደርስ አልታየሽ በሁሉም ፊት "እነ እታለም ለጊዜው አዳራሽ ያድርጉት፣ ቤት እስኪያገኙ" አለች። ሌሎቹም አንገታቸውን ነቀነቁ፤ በደግነት ነው የነቀነቁት፣ እሱ ነው የባሰው። እኔ ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ እዚህ አገር ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ወለል ሳጸዳ ኖሬአለሁ። የራሴ ብዬ የጠረግሁት የመጀመሪያ ወለል የጀልባዋ ነው። ቤት እስኪያገኙ! አዳራሽ አደረግነው፤ ጽዋው ቤቴን ሳያይ አለፈ።

ዳኛቸው ግን ዝም አላለም፤ ዝም ማለት አያውቅበትም። ደብተር ገዛና ምርምር ገባ። ከካምደን እስከ ቶተንሃም ያገኘውን ጀልባ ሁሉ እያንኳኳ "እንደምን ዋላችሁ፣ ሽንት ቤታችሁ የትኛው ዓይነት ነው?" ይላል። እንግሊዝ እንዲህ ያለውን ነገር ከእናቱም ጋር አያወራም። ለባሌ ግን በሩን ከፍቶ፣ ሻይ ቀድቶ፣ ክዳኑን አንሥቶ ያሳየዋል። በዓመቱ ነገሩ ተገላበጠና እነሱ ደጃችን ይመጡ ጀመር። ጠበቃ ናት የተባለች አንዲት ጎረቤታችን ጀልባ ልትገዛ ስትል መጀመሪያ እሱን ነው ይዛ የሄደችው። እኔ ሳህን እያጠብኩ "ዳኒ አለ?" የሚል ጨዋ ድምፅ በመስኮት እሰማለሁ። አለ፣ እላለሁ። የት ይሄዳል?

የምርምሩ ውጤት ሦስተኛው ሽንት ቤታችን ነው፤ በገዛ እጁ ከኮምፔንሳቶ የሠራው። አንድ መቀመጫ፣ ሁለት መንገድ። ፈሳሹ በፊት በኩል ወደ ጀሪካን ይወርዳል፤ ሌላው ወደ ኋላ ባልዲ ውስጥ ይገባና ሰጋቱራ ይነሰነስበታል። ትንሽ ማራገቢያ አየሩን ወደ ውጭ ትስበዋለች። ባልዲው ሲሞላ ተከድኖ ዓመት ይከርማል፣ አፈር ይሆናል፤ ጣሪያችን ላይ ያሉት ጽጌረዳዎች ምስክር ናቸው። ሰጋቱራውን ኬንቲሽ ታውን ካለ አናጢ ነው የሚያመጣው። ከከረጢቱ በመዳፉ አንሥቶ ያሸትና "ይሄ ጥድ ነው። ያለፈው ቀለም ነበረበት" ይላል። ሊቀ ሰጋቱራ ያልኩት ያኔ ነው። ቀልዴ ነበር፤ እሱ ማዕረጉን ተቀበለ።

ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለቱ መገናኘት የለባቸውም። ካልተገናኙ ምንም አይሸትም። ከተገናኙ ጀልባውን ለቆ መውጣት ነው። ስለዚህ ሁሉም ሰው ይቀመጣል፣ ወንድም ቢሆን።

ከዚያ ወዲህ ተራችን በደረሰ ቁጥር አዳራሽ ነበር። ባለፈው ሚያዝያ እንደገና ደረሰ። "በቤታችን ነው" አልኩ፣ ማንም ሳይናገር ቀድሜ።

"እንግዲያው እንደ ሕፃን ከየቤታችን ሸንተን እንመጣለና!" አለች አልታየሽ። ሴቶቹ ሳቁ።

ዳኛቸው ሒሳብ ውስጥ ገባ። አሥራ አራቱ ማኅበርተኞችና የነፍስ አባታችን አባ ገብረ መድኅን አሥራ አምስት፤ ሰው በሦስት ብርጭቆ ጠላ፤ ሁለት ትርፍ ጀሪካን። በሩ ላይ ቆሞ ለእያንዳንዱ እንግዳ ሊያስረዳ ፈለገ፣ ከለከልኩት። ጠዋት ስነሣ በሩ ላይ "ወንድም ሴትም፣ ቄስም ምእመንም፣ ተቀምጦ" የሚል ወረቀት ለጥፏል። ቀደድኩት።

"ዳኜ፣ እኔ ካላልኩህ ስለ ሽንት ቤት አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። ማልልኝ።"

ማለልኝ። ፊቱን ብታዩት ጾም የገባ ነው የሚመስለው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ጀልባችን ከኪንግስ ክሮስ ጀርባ ነበረች። ግራና ቀኝ በረድፍ ተቀመጡ፣ ጉልበት ለጉልበት እየተነካኩ። ጸሎት ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። አልታየሽ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ትጠብቃለች። በሁለተኛው ብርጭቆ ላይ አባ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

"ልጄ፣ እጅ መታጠቢያው ወዴት ነው?"

ምን ማለታቸው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የሰባ ዘጠኝ ዓመት አባት ናቸው፤ ተቀመጡ የሚላቸው ማን ነው? ካልተባሉ ደግሞ ቆመው ነው፣ ሁለቱ ይገናኛሉ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላም አልታየሽ የምትጠብቀው ሽታ ሊመጣ ነው። ዳኛቸው አየኝ። አፉን ገጥሟል፣ የአንገቱ ሥር ተገታትሯል፣ መሐላውን ግን አላፈረሰም። ስድስት ዓመት ዝም በልልኝ ብዬ የለመንኩት ሰው ዝም ሲል አንጀቴን በላው።

"አስረዳቸው" አልኩት።

ተከትሏቸው ገባ። ግድግዳችን ቀጭን ነው፤ ሁላችንም እንሰማለን።

"አባታችን፣ ነገሩ ቀላል ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እዚህ ወንዱም ይቀመጣል።"

"ቄስም?"

"ቄስም፣ አባታችን።"

አልታየሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

"ይሄ ሰጋቱራ ነው?" አሉ አባ።

"አዎን።"

"የምን እንጨት?"

ባሌን በትዳር ዘመናችን ሁሉ ይህን የጠየቀው ሰው የለም። "ጥድ... ጥድ ነው፣ አባታችን" አለ።

"እኔ በገዳም በእርድና መነኮሳቱን ሳገለግል ሥራዬ ይኸው ነበር። እኛ አመድ ነበር የምንነሰንስበት። አመዱ ከረጠበ ግን ዋጋ የለውም።"

"የረጠበማ ዋጋ የለውም!" አለ ዳኛቸው፣ ሊጮህ ምንም አልቀረው።

"ይቺን ማራገቢያ ግን እኛ አላሰብናትም። በል አሁን ውጣልኝ፣ ልቀመጥ።"

አባ ሲወጡ እጃቸውን ታጥበው፣ ቦታቸው ተመልሰው፣ ዙሪያውን አዩና "ግቡና እዩት እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?" አሉ። ከዚያ ወዲያ ሰልፍ ነበር። ወንዶቹ ተቀምጠው ወጡ። ሁለቱ ዳኛቸውን የእንጨቱን ልክ ጠየቁት፣ አንዱ በስልኩ ፎቶ አነሣ። አልታየሽ "እኔ አልፈልግም" ብላ እግሮቿን አነባብራ አራት ብርጭቆ ቆየች። በአምስተኛው ገባች። ስትወጣ ቤቱ ሁሉ ያያታል።

"ሽታ የለውም" አለች። ደግሞም፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ "የእኔዎቹ ሁለቱም ይሸታሉ" አለች።

የሚቀጥለው ተራ የእሷ ነበር። ጽዋውን በነጭ ጨርቅ እንደተጠቀለለ ስትቀበል "ከእታለም ቤት ተቀብያለሁ" አለች። ቤት ነው ያለችው። ሌሎቹ ልብ አላሉም፤ እኔ ልብ ብያለሁ።

እንግዳው ሁሉ ከወጣ በኋላ ዳኛቸው ሁለቱን የሞሉ ጀሪካኖች ይዞ ወደ ማፍሰሻው ብቅ ሲል አልታየሽ ካናሉ ዳር ቆማ ነበር።

"አንዱን ስጠኝ።"

"ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ! ስጠኝ ነው የምልህ!" አለችና ዞር ብላ ጽዋውን ለእኔ አቀበለችኝ። "ያዥልኝ፣ እመለሳለሁ።"

በበራችን ላይ ጽዋውን አቅፌ ቆሜ አየኋቸው፤ አንድ ሾፌርና ነጭ የለበሰች ሴት፣ በየእጃቸው ጀሪካን። "ክዳኑን አጥብቂው!" ብዬ ጮህኩ፤ እኔም ሳይጠይቁኝ። ድልድዩ ሥር ሲደርሱ የዳኛቸው ድምፅ "ነገሩ ቀላል ነው" ሲል ሰማሁት። ድልድዩ ያስተጋባልና ሁለት ጊዜ ነው የሰማሁት። ሁለቱንም ጊዜ ደስ አለኝ።