ዋስ ያጣው ዘፈን

ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ሽመክት ስልኩን አጥፍቶ ጋደም አለና ዓለም ተገልብጣ አያት። ሕልሙ በደንብ የሚገባችሁ ግን ስልኩን ለምን እንዳጠፋ ስታውቁ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ ልጀምር።

ሽመክት ዘፋኝ ነው። ሞጆ ተወልዶ ያደገ፣ ከጋሪ በቀር ፈረስ ነክ ነገር ላይ ወጥቶ የማያውቅ፣ ግን ባርኔጣና ቦት ጫማ ሳያደርግ ከቤቱ የማይወጣ፣ ካንትሪ የሚባለው የአሜሪካ ባላገሮች ሙዚቃ ዘፋኝ ነው። ጊታሩን አንግቶ «ካንትሪ በአማርኛ እዘፍናለሁ» ሲል ያልሳቀበት ሰው አልነበረም። ከዚያ «ጥራኝ» የሚለው ዘፈኑ ወጣ፤ የሳቁበት ሁሉ ግጥሙን በቃላቸው ያዙት። ታክሲ ውስጥ እሱ ነው፣ ፀጉር ቤት እሱ ነው፣ ሠርግ ላይ ሚዜዎቹ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው የሚያለቅሱበትም እሱ ነው።

«ጎማህ ቢተነፍስ፣ ቢመሽብህ መንገድ፣
ጥራኝ እመጣለሁ፣ ጓደኛ ነው ዘመድ።»

ነገሩ እውነት ነው። የባንዱ ሚኒባስ ከሞጆ ወዲያ ጎማው ፈንድቶ የቆመ ዕለት፣ አብሮ አደጉ ንጋቱ ተለዋጭ ጎማ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ በብስክሌት መጥቶለት ነበር። ጎማው ልኩ አልሆነም። ሽመክት ግን ዘፈኑን እዚያው አስፋልት ዳር ጀመረው፤ ንጋቱም የመጀመሪያውን ስንኝ ሰምቶ ጥሩ ነው አለው።

አሁን ያን ንጋቱን ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ቃሊቲ አካባቢ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ሾፌር አድርጎ ሊቀጥረው ተስማማ። ፋብሪካው ግን ያለ ዋስ የመኪና ቁልፍ አይሰጥም። ትናንት ቢሮ እስኪዘጋ ዋስ ካላቀረበ ቦታው ለሌላ ሰው ነው። ከትናንት በስቲያ ሽመክት ጋ ደውሎ ዋስ ሁነኝ አለው። ሽመክት «ላስብበት» አለ። የምሩን አሰበበት። ንጋቱ መኪና ቢገለብጥ፣ ዱቄት ቢጎድል፣ ፍርድ ቤት የምቆመው እኔ ነኝ ብሎ አሰበ። ትናንት ጠዋት ንጋቱ ደጋግሞ ሲደውል አላነሣም፤ ምሳ ሰዓት ላይ ጭራሽ ስልኩን አጠፋው። ከዚያ ሽሮውን በላና ተኛ።

በሕልሙ ስታዲየም በር ላይ ቆሟል። ሕዝቡ በሙሉ መድረክ ላይ ወጥቶ ይዘፍናል። ዘፋኞቹ ደግሞ ሕዝቡን ለመስማት ጫማቸውን አስጠርገው ውጭ በፀሐይ ተሰልፈዋል። በር ላይ የሚፈትሸው አንድ የጋሪ ፈረስ ነበር። ባለጋሪው በሁለቱ ዘንጎች መካከል ታስሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ገለባ ያኝካል። ማንንም አልገረመውም፤ ሽመክትንም ጨምሮ።

ፈረሱ የሽመክትን ኪስ ዳበሰና «ምን ይዘሃል?» አለው።

«ዘፈን።»

«ዋሱስ?»

ሽመክት ነገሩ አልገባውም። ፈረሱ ሳይሰለች አስረዳው። በዚህ አገር ዘፈን ያለ ዋስ አይገባም። ለፍቅር ዘፈን የተፈቀረችው ትፈርማለች፤ ለአገር ዘፈን አንድ ገበሬ ይበቃል፤ ለጓደኝነት ዘፈን ግን ጓደኛው ራሱ ቀርቦ መፈረም አለበት። ዋስ ያጣ ዘፈን ከሰው ሁሉ አፍ ተለቅሞ ይወሰዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰው የለም። ሽመክት ደነገጠ። በሕይወቱ ያለችው ዘፈን ያቺው ብቻ ናትና።

ወዲያው ራሱን ቢሮ ውስጥ አገኘው። ባለጉዳዮቹ ወንበር ላይ ተደላድለው ሻይ ይጠጣሉ፤ ሠራተኞቹ ማኅተማቸውን በእጃቸው ይዘው ከደጅ እስከ አስፋልቱ ተሰልፈዋል። አንድ ባለከረባት የመምሪያ ኃላፊ ባርኔጣውን አውልቆ ሽመክት ፊት እጅ ነሣ። ከጠዋት ጀምሮ አንድም ሰው እንዳላገለገለ፣ የልጆች አባት እንደሆነ፣ አንዲት ማኅተም ብቻ ቢመታ ምሳውን በሰላም እንደሚበላ ለመነው። ሽመክት ሊያዝንለት ሲል አጠገቡ የተቀመጡ ባለጉዳይ ሴትዮ ቀደሙት።

«ሲስተም የለም» አሉ ሻያቸውን እያማሰሉ። «ነገ ተመለስ።»

ኃላፊው አመስግኖ ወጣ። ግድግዳው ሥር ሌላ ሰልፍ ነበር። አንዱ ሰውዬ የተነፈሰ ጎማ እንደ ሕፃን ታቅፏል። አንዲት እናት የሚያፈሰውን የቤታቸውን ቆርቆሮ ከነምስማሩ ነቅለው ይዘው መጥተዋል። ሽመክት ማንን እንደሚጠብቁ ጠየቃቸው።

«አንተን ነዋ» አለ ባለጎማው፤ ቁጣ የሚባል ነገር አልነበረበትም። «ጥራኝ አልክ፤ ጠራንህ።»

«ዘፈን እኮ ነው፣ ወንድሜ።»

«አዎ፣ ጥሩ ዘፈን ነው» አለ ሰውየው፤ ጎማውንም ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረና መጠበቁን ቀጠለ።

ሽመክት ዋስ ፍለጋ ወጣ። ውጭ ሰዎቹ ቆመው መንገዱ ይሄዳል፤ እሱም ባለበት ቆሞ ማናጀሩ ቤት እስኪደርስለት ጠበቀ። ማናጀሩ በደስታ እንደሚፈርም ነገረው፤ ብቻ ለእሱም ዋስ የሚሆን ሰው ያስፈልገዋል፤ ከበሮ መቺውን ጠይቅልኝ አለ። ከበሮ መቺውም ደስ ይለዋል፤ ግን ለእሱ ደግሞ የሠፈሩ ባለሥጋ ቤት ይፈርምለት። ባለሥጋ ቤቱ ቢላዋውን እየሳለ፣ ለእኔ አንተ ከፈረምክልኝ ምን ችግር አለ አለው።

ያኔ ሽመክት ተስፋ አደረገ። እስክሪብቶውን ሊያነሣ ሲል ግን ቀኝ እጁ ተስፈንጥሮ ኪሱ ውስጥ ገባ። በግራ እጁ ሊያወጣው ታገለ። ለመነው፣ ቆነጠጠው።

«ላስብበት» አለ እጁ ከኪሱ ውስጥ።

ከዚያ ፍርድ ቤት ነው። ተከሳሽ ከላይ ይቀመጣል፤ ዳኛ ከታች በተከሳሽ ሣጥን ውስጥ ይቆማል። ዳኛው ያው የበሩ ፈረስ ነው፤ ካባ ደርቧል። በመስኮት ከተማው ሁሉ ይታያል። ሰው በየደጁ አፉን ከፍቶ ተቀምጦ፣ ዶሮዎች «ጥራኝ» የሚለውን ዘፈን ከየምላሱ ላይ ይለቅማሉ። የለቀሙለት ሰው ዝም ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሽመክት አንዷን ዶሮ እሽ አላት፤ እሷ ግን በሥራ ላይ ነበረች።

በሩ ተከፈተና ንጋቱ ገባ። የጠራው ሰው አልነበረም። አፉ ዳቦ ሞልቷል፤ ምሳውን አቋርጦ እንደመጣ ያስታውቃል።

«ለዚህ ሰው ዘፈን ዋስ ይሆናሉ?» አለ ፈረሱ።

«እሆናለሁ። የት ጋ ነው የሚፈረመው?»

«ዘፈኑ ውሸት ከሆነ የሚታሰሩት እርስዎ ነዎት። አያስቡበትም?»

ንጋቱ ዳቦውን ዋጠ። «የሱ አይደል እንዴ?» አለና ፈረመ።

ሽመክት ተነሥቶ እንዲዘፍን ታዘዘ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ባርኔጣውን አስተካከለ። ዜማው በትክክል ወጣ። ግጥሙ ግን እንዲህ ሆኖ ወጣ፦

«ጎማህ ቢተነፍስ፣ ቢመሽብህ መንገድ፣
ሌላ ሰው ፈልገህ፣ በእግርህ ነው መሄድ።»

ማንም አልሳቀም። ፈረሱ አንገቱን ነቀነቀና በሰኮናው አንድ ጊዜ ወለሉን መታ። ሁለት አውራ ዶሮዎች መጥተው ንጋቱን ግራና ቀኝ ያዙት። ሽመክት እሱን ልቀቁት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ሊል አፉን ሲከፍት፣ ያ ከኪስ አልወጣም ያለው እጁ ዘሎ ወጥቶ አፉን ያዘው። ንጋቱ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ።

«አይዞህ» አለው። «ዜማው ግን ጥሩ ነው።»

ሽመክት እያለቀሰ ነቃ። ክፍሉ ያው ክፍሉ ነው፤ ባርኔጣው ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ሰዓቱን ሲያይ ቢሮ ሊዘጋ ጥቂት ቀርቷል። አፈረ፤ ብቻውን ሆኖ እንኳ ፊቱን የሚያደርግበት አጣ። ቀኝ እጁን ገልበጥ አድርጎ አየውና ስልኩን ከፍቶ ንጋቱ ጋ ደወለ። ሰላምታም አላስቀደመም።

«ፋብሪካው የትኛው በር ነው? አሁን መጥቼ እፈርማለሁ።»

ንጋቱ ሳቀ። «ተው፣ አትልፋ። ዘፋኝ ዋስ አይሆንም አሉኝ እኮ፤ ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው ነው የሚፈልጉት።»

ጠዋት ደጋግሞ የደወለውም ይህንኑ ለመንገር ነበር። ሽመክት ላስብበት ሲል ድምፁ የተጨነቀ ስለነበር፣ በከንቱ እንዳይብሰለሰል ቶሎ ልገላግለው ብሎ ነው። ሽመክት ሥራውስ ታዲያ እንዴት ሆነ ብሎ ብቻ ጠየቀ።

«ሥራውማ ሰኞ እጀምራለሁ። ዋስ ተገኘ። አልነገረችህም እንዴ?»

በዚሁ መሐል ሚስቱ ፋናዬ ከሥራ ገባች። ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ሽመክት ስልኩን እንደያዘ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሲያያት ነገሩ ገባት። ሄዳ መፈረሟን አልደበቀችም። ሽመክት፣ ንጋቱ እንዴት እሷን ሊለምን እንደቻለ ጠየቃት።

«እሱ መች ለመነኝ፤ የዋሱን ነገር ጠይቄው ልፈርም ያልኩት እኔው ነኝ» አለች ፋናዬ። «ስልኩ ተዘጋብኝ፣ አሞት ይሆን እንዴ ብሎ ነው የደወለልኝ። ደህና ነው፣ ተኝቶ ነው አልኩት።»