ክቡር ጆሮና የጠፋው ሲምባል

በየቤተሰቡ ሁሉን ነገር ከሰው ቀድሞ የሰማ አንድ ሰው አይጠፋም። ዘፈን ሲወጣ እሱ ገና ሲጻፍ ሰምቶታል፤ ዘፋኙ ሲታወቅ እሱ ማንም ሳያውቀው ያውቀዋል፤ ሰው ሁሉ ወደደው ሲባል ደግሞ እሱ ከተወው ቆይቷል። እንዲህ ያለው ሰው ጠላት ቢሆን ኖሮ መንገድ ቀይሮ መገላገል ይቻል ነበር። ችግሩ ብዙ ጊዜ አጎት ሆኖ መገኘቱ ነው።

የአንዲት የባንድ ድምጻዊት አጎት፣ የእናቷ ታላቅ ወንድም፣ ከዚህ ማኅበር ሊቀመንበሮች አንዱ ናቸው። ሥራቸው አምፕሊፋየርና ስፒከር መጠገን ነው። የባንዱ ልጆች ከኋላቸው "ክቡር ጆሮ" ይሏቸዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ በሠፈሩ ይህን ስም ያልሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ክቡርነታቸው ዕቃ ከመክፈታቸው በፊት ያዳምጡታል። ባለቤቱ ብልሽቱን ማስረዳት ሲጀምር እጃቸውን ያነሳሉ። "ቆይ፣ እሱ ራሱ ይናገር" ይላሉ። ይሰኩታል፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ከዚያ ከውስጡ የሞተው የቱ እንደሆነ ይናገራሉ። ሲከፈትም የሞተው እሱ ነው። በዚህ ቢያበቁ ማን ይጠላቸው ነበር። ግን ታክሲ ሲሳፈሩ የየትኛው ጎማ ኩሽኔታ እንዳለቀ ለሾፌሩ ይነግሩታል። ሠርግ ተጠርተው ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ "ማይኩ ያፏጫል" ብለው ሙዚቃ አስቁመዋል፤ እሳቸው ሽቦ እስኪቀይሩ ሙሽሪት በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ጥርሳቸውን ሊያስነቅሉ የሄዱ ዕለት ደግሞ አፋቸውን ከፍተው እንደተኙ ሐኪሙን በእጃቸው አስቆሙት። "መሰርሰሪያህ ሊሞት ነው" አሉት። በሳምንቱ ሞተ። ድምጻዊቷ የዚያው ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ሐኪሙ እስከ ዛሬ የሚያያት ማሽኑን የገደለችው እሷ እንደሆነች አድርጎ ነው።

ከሁሉ የከፋችው ግን አንዲት አባባላቸው ናት፤ "በፊት ይሻል ነበር።" ዳቦውም፣ ታክሲውም፣ ዝናቡም በፊት ይሻል ነበር። እህታቸውን እንኳ "ሳቅሽ በፊት ይሻል ነበር" ብለዋት ሦስት ወር ተኳርፈዋል። የሚገርመው ያ "በፊት" የሚሉት ጊዜ በጊዜው አንድም ቀን ከአፋቸው ተመስግኖ አያውቅም።

ስለ ድምጻዊቷም ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ክሊኒኩ ውስጥ "ይቀመጡ፣ አሁን ይጠራሉ" ስትል ድምጿ ሕፃን አያስነቃም። ከሥራ ስትወጣ ግን "መንጋጋ" በሚባል ባንድ ውስጥ ከሆዷ ታገሳለች። የሚጫወቱት ዴዝኮር የሚባለውን ከባድ ሮክ ነው። ጊታሩ ይገዘግዛል፣ ድራሙ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ያንደቀድቃል፣ መሃል ላይ ሁሉም በድንገት ይከብድና ይዘገያል፤ ያን ጊዜ የሚወድ ሰው አንገቱን ይወዘውዛል፣ የማይወድ ሰው ግድግዳ ይደበድባል። እናቷ መጀመሪያ የሰማቻት ዕለት ለብ ያለ ውሃ በጨው በጥብጣ አምጥታ "ተጉመጥመጪበት፣ ጉሮሮሽ ተጎድቷል" ብላታለች።

ይህን ባንድ ማንም በደጁ ሊያሳልፈው በማይፈልግበት ጊዜ ያስጠጉት ክቡር ጆሮ ናቸው። የሱቃቸውን የኋላ ክፍል ለቀቁላቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ልጆቹ ሆዳቸው በተዘረገፈ ስፒከሮች መሃል ተለማመዱ። ሁሉም ጆሯቸውን በስፖንጅ ይደፍናሉ። እሳቸው ግን በርጩማቸውን በሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮች መካከል አድርገው፣ እጃቸውን አጣምረው ይቀመጣሉ። ስፖንጅ ሲሰጧቸው ይቆጣሉ። "ሊበላ ቀርቦ አፉን የሚሰፋ ሰው አይታችኋል?"

ሲጨርሱ ፍርድ ይሰጣሉ። ቤዙ ዘገየ። ጊታሩ ቸኮለ። "አንቺ ደግሞ ከጉሮሮሽ ነው ያወጣሽው፣ ከሆድሽ አምጪው።" ለድራመሩ ግን፣ ለድምጻዊቷ ታናሽ ወንድም፣ ሌላ ልሳን ነበራቸው። ልጁ ሲምባሎቹን፣ ከድራሙ በላይ እንደ ሰሃን የተሰቀሉትን ነሐሶች፣ የሚነካበት የራሱ መንገድ ነበረው። ከታች ሁሉም ሲደበድብ እሱ ከላይ በቀጭኑ ያወራል። "የዚህ ልጅ ነገሩ ያለው ሲምባሉ ላይ ነው" ይሉ ነበር። አባቱን በልጅነቱ ያጣው ድራመር ይህን ሲሰማ አንገቱን ይሰብራል። በሕይወቱ ከትልቅ ወንድ አፍ የሰማው ምስጋና ይኸው ነበር።

ከዚያ ልጆቹ እውነተኛ ስቱዲዮ ገቡና የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ። "ከአፈር በታች" አሉት። ባለስቱዲዮው ሥራ አዋቂ ጎልማሳ ነበር፤ ትንሽ ይኮራል እንጂ ስንፍና የለበትም።

አልበሙን የሰማ ሁሉ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን "እንዲህ ያለ ነገር በቋንቋችን ተሰምቶ አያውቅም" ሲል፣ ሌላው "ባይሰማስ ምን ጎደለብን" አለ። አንድ የሬዲዮ አቅራቢ አርባ ሰከንድ አሰምቶ አድማጮቹን ይቅርታ ጠየቀ። አንዲት የማታውቃት ሴት ደግሞ ለድምጻዊቷ "ባሌን የቀበርኩ ሰሞን ማልቀስ አቅቶኝ ነበር፤ በሦስተኛው ዘፈናችሁ አለቀስኩ" ብላ ጻፈችላት። የእናቷ ጓደኛ ልጅቷን ሐኪም እንዲያያት መከረች። ድምጻዊቷ ይህን ሁሉ ቻለችው። የባዕድ ስድብ ጠዋት ታጥቦ ይወርዳል።

ልጆቹ አልበሙን ይዘው ወደ ሱቁ ሄዱ። ክቡርነታቸው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ስምንቱንም ዘፈን ሰሙ። ሲያልቅ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ሲምባሉ የታለ?" አሉ።

"ቀብሮታል። ያ ባለስቱዲዮ ሲምባሉን ከሌላው ድምፅ ሥር ቀብሮ ነው የላካችሁ። እኔ እዚች ክፍል ውስጥ የሰማሁት ሌላ ነው። በፊት ይሻል ነበር።"

ቀጥሎ የሆነው በሌላ ባንድ ላይ አይደርስም። ሌላ ባንድ ቢሆን "ኧረ አለ፣ ይኸው" ብሎ መልሶ ይከፍተው ነበር። እነዚህ አራቱ ግን ተያዩና የገዛ ጆሯቸውን ተጠራጠሩ። ድምጻዊቷ ሲምባሉን ጥርት አድርጋ ሰምታዋለች። ነገር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ እሳቸው አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም፤ ምናልባት የሰማሁት የለመድኩትን ይሆናል አለች በልቧ። ጊታሪስቱ "እኔም ትንሽ ጠርጥሬ ነበር" አለ፤ አልጠረጠረም ነበር። ድራመሩ ጫማውን አየ።

ወሬው እግር አወጣ። ክቡርነታቸው ስፒከር ይዞ ለመጣ ሁሉ "የእህቴ ልጆች አልበም አውጥተዋል፤ ሲምባል የለውም" ይሉታል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው፣ አልበሙን ሰምተውት የማያውቁ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ "ሲምባሉ ተቀብሯል" እያሉ መጻፍ ጀመሩ። ግን ሌላ ሰው በእሳቸው ፊት አልበሙን ሲያጣጥል አይወዱም። አንድ ደንበኛ "እሱ እኮ ጩኸት ነው" ቢላቸው አምፑን ሳይጠግኑ አሸክመው መለሱት። "በኔ ልጆች ላይ ስትፈርድ አንተ ማን ነህ? እኔ ብናገር ያምርብኛል" አሉት። እሱም እንደ ፍቅር ይቆጠርልኝ ባይ ናቸው።

ድራመሩ ስቱዲዮ ሄደ። ባለስቱዲዮው የሲምባሉን መስመር ስክሪኑ ላይ አሳየው፣ ለብቻውም አውጥቶ አሰማው። ልጁ "ጋሼ ግን አልሰሙትም" ብሎ ድርቅ አለ። ተጨቃጨቁ፣ ተሰዳደቡ፣ ተለያዩ። በማግስቱ ለባንዱ አጭር መልእክት ላከ። "እኔ ያለኝ እሱ ብቻ ነበር። እሱም ካልተሰማ ሌላ ሰው ፈልጉ።"

አልበሙ በመድረክ ሊመረቅ አሥር ቀን ቀርቶታል። በአሥር ቀን እነዚያን ስምንት ዘፈኖች የሚያጠና ድራመር የለም። ቢኖርም ድምጻዊቷ ከወንድሟ ሌላ ሰው ከኋላዋ ተቀምጦ እንዲመታ አትፈልግም። ልጁ ካልተመለሰ መንጋጋ የሚባል ባንድ በዚያው ያበቃለታል፤ ልጁም ዕድሜ ልኩን እንዳልተሰማ ሆኖ ይኖራል።

ቅዳሜ ክሊኒኩ በግማሽ ቀን ሲዘጋ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደች። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታሰናዳ ነበር። ልጅ ሠርቶ ሲያመጣ አንድ ቀን ጎሽ ማለት ምን ይጎዳል ልትላቸው ነው። አንድ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ የሰውዬውን አፍ ሲጠብቅ ኖሮ ከዚያ አፍ የሚወጣው ይሄ ነው ወይ ልትላቸው ነው። አክብሮቱም ዛሬ ይቅር ብላለች።

በሩን ስትከፍት ፉጨት ጆሮዋን ወጋት። ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ የወለቀ አምፕ አለ፤ ከእሱ የሚወጣው ድምፅ ቀጭንና ስል ሆኖ ጥርስ ሥር ይገባል። ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ክቡር ጆሮ አምፑ ላይ ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ቀና ሲሉ አዩዋት፤ ፊታቸው በራ።

"መጣሽ? ይሄ ሦስት ባለሙያ የመለሰው ነው። ስሚው፣ አሁን ጸጥ አለ።"

ፉጨቱ አላቋረጠም። ያሰናዳችው ንግግር ሁሉ ከአፏ ጠፋ። በርጩማው፣ ሁለቱ ስፒከሮች፣ ሁለቱ ዓመታት፣ የጠፋው ሲምባል፣ ሁሉም በአንዴ ገባት፤ ቀጭን ድምፅ እሳቸው ጆሮ አይደርስም። ተናደደች፤ በማን እንደሆነ ግን አላወቀችም። እኚህ ሰው ከጆሯቸው ሌላ ሀብት የላቸውም። ዝም ብላ ወጥታ ብትሄድ ማንም አይወቅሳትም ነበር። ወንድሟ ትዝ አላት።

"ጋሼ" አለች፣ በክሊኒኩ ድምጿ። "እያፏጨ ነው።"

"ምኑ?"

"አምፑ። ከገባሁ ጀምሮ እያፏጨ ነው።"

ፈገግ አሉ። "ቀልደኛ ነሽ።" ከዚያ እጆቿን አዩ። እጃቸውን ልከው አምፑን አጠፉት፤ እጇ ወረደ። አበሩት፤ እጇ ተመልሶ ጆሮዋ ላይ ወጣ። አጠፉት። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረጉ፣ ቀስ ብለው፣ ዓይናቸውን ከእጆቿ ሳይነቅሉ። ብልሽቱ የት እንዳለ ለማወቅ እሳቸው ከሦስት ጊዜ በላይ ፈልገው አያውቁም።

በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

"ሰው ዕቃ እየመለሰ ሲያስቸግረኝ ነገረኛ በዛ ብዬ ነበር" አሉ። ቆይተው "ለካ" አሉና ተዉት።

ከመደርደሪያው ላይ ብሎን የሞላበት ጣሳ አንስታ መልሳ አስቀመጠች።

"አልበሙን ክፈቺው" አሉ። "ከኋላዬ ቁሚ። ሲምባሉ በመጣ ቁጥር ትከሻዬን ምቺኝ።"

ከፈተችው። መጀመሪያ በአንድ ጣቷ፣ እያፈረች መታቻቸው። ከዚያ ሲምባሉ ሲፈጥን እሷም ፈጠነች። በሦስተኛው ዘፈን ሁለቱንም እጇን አነሳች። ትከሻቸው ከምታስበው በላይ ከስቷል። አጎቷን ነክታ የማታውቅ ልጅ፣ በሰላምታ እንኳ በሩቁ እጅ የምትነሳ ልጅ፣ ክንዷ እስኪዝል የወንድሟን ምት ትከሻቸው ላይ ደበደበችላቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ የሚቆጥሩ ይመስላሉ።

ሲያልቅ "ይሄን ሁሉ?" አሉ።

"ይሄን ሁሉ።"

አሰብ አደረጉ። "ታዲያ በዛ" አሉ። "አራተኛው ላይ ይቀንስ።"

ሳቋ አመለጣት፤ ወደ ለቅሶ ሊዞርባት ሲል ያዘችው። በዚህ ምድር ላይ እንደ እኚህ ሽማግሌ የሚያናድድ ፍጥረት አታውቅም። እንዲህ እንደምትወዳቸውም እስከዚያች ሰዓት አላወቀችም ነበር።

ክቡርነታቸው ስልካቸውን አውጥተው ለድራመሩ ደወሉ። ሲያነሳ ሰላምታም አላስቀደሙም። "ሲምባልህ አለ" አሉት። "የሌለው የኔ ጆሮ ነው። ለሰው ሁሉ ያወራሁትን ለሰው ሁሉ እመልሰዋለሁ። አንተ ግን ወንበርህን ለማንም እንዳትሰጥ።" ጥርሳቸው ሲነቀል እንኳ ፊታቸው እንዲህ አልሆነም ነበር። መልስ ጠበቁ። ስልኩን ወደ ሌላው ጆሯቸው አዞሩት። ከዚያ ለእሷ ዘረጉላት።

"ቀጠነብኝ። ምን እንደሚል አንቺ ስሚልኝ።"

ተቀበለች። ከወዲያ ወንድሟ በተሰበረ ድምፅ አንድ ነገር ደጋግሞ ይጠይቃል። "እኛ ነን? እህቴ፣ እኛ ነን ያደነቆርናቸው?"

ክቡር ጆሮ ከበርጩማቸው ሆነው ዓይን ዓይኗን ያያሉ።

"ነገ ልምምዱ በስንት ሰዓት ነው ይላል" አለቻቸው።

"ዘጠኝ ሰዓት" አሉ። ዓይናቸውን ከፊቷ ሳይነቅሉ ጨመሩ። "ማልቀሱንም ይተው በይው።"