ላለመለኮስ የተገዛ ፎርኔሎ

«ጧፍ ከጧፍ ቢለኮስ አይጎድልም፣ ልጄ» ይሉኝ ነበር አባቴ። የቅኔ መምህር ነበሩ። ሰባተኛ ክፍል ሳልጨርስ የዳሩኝ ጊዜም የመረቁኝ በዚሁ ቃል ነው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ አባቴ ኤሌክትሪክን አላወቁትም። ጧፍ ለጎረቤት ቢያካፍሉት አይጎድልም። ኤሌክትሪክ ግን ጎረቤት ሽሮ በጣደች ቁጥር ይጎድላል።

በዚያ በጓድ ዘመን ሰፈራችን ሹም አቦ ላይ መብራት አይጠፋም ነበር። ያፍራል እንጂ። ጀምበር ስትጠልቅ አምፖሉ እንደ አዲስ ሙሽራ ቀልቶ አንገቱን ይደፋል። ነገሩ የተሰወረ አልነበረም፤ ከተማው በሙሉ የሚርበው በአንድ ሰዓት ነው። ባል ከፋብሪካ፣ ባል ከቢሮ፣ ሁሉም በአሥራ ሁለት ሰዓት ይገባል፤ እኛ ደግሞ ወጡ እየተንተከተከ ካልተቀበለው ትዳር የሚፈርስ ይመስለናል። ስለዚህ ያለን ሁሉ የኤሌክትሪክ ፎርኔሏችንን በአንድ አፍታ እንለኩሳለን። ዓባይ ከደጃችን እየተነሣ፣ መብራቱም ከእሱው ፏፏቴ እየመጣልን! የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የተባለው ለእኛ ነው።

እኔ ልጄን አዝዬ በቀበሌው አዳራሽ የማታ ትምህርት እማር ነበር፤ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ልወስድ። አንድ ማታ መምህራችን መጽሐፉን ወደ አምፖሉ አስጠግቶ፣ አርቆ፣ እንደገና አስጠግቶ ዘጋው።

«እህቶቼ፣ ይሄ ፊደል ለእኔም አልታይ አለኝ። መብራቱ ካልተሻሻለ ክፍሉ መዘጋቱ ነው።»

አንድ ጊዜ በትዳር የተዘጋብኝ በር ሁለተኛ በሽሮ ሊዘጋብኝ!

የቀበሌያችን ጓድ ሊቀመንበር ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ንግግር ይወዱ ነበር እንጂ። ነገሩን ሲሰሙ አወጁ፦ «ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ፎርኔሎ ያልለኮሰ ቤት ከእሑድ ስብሰባ ነፃ ነው!»

የእሑድ ስብሰባችንን ያልቀመሳችሁ የዚህን ዋጋ አታውቁትም። ሽልማቱን ስኳር ቢሉን እናስብበት ነበር። ለዚህ ግን ማን ያስባል? ተቆጣጣሪ ሆነው የተመደቡት የቀበሌው ዘበኛ ጋሽ አዳሙ ናቸው፤ መሣሪያቸውም አፍንጫቸው። ሽንኩርት ሲቁላላ ከማን ቤት እንደሆነ ከመንገድ ላይ ሆነው ይለያሉ።

ብልሃቱን አገኘነው። ወጡን በአሥር ሰዓት ሠርቶ፣ ድስቱን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ገለባ በሞላው ቅርጫት ማስተኛት። ሲመሽ እንደ አራስ ልጅ ሞቆት ይወጣል። ባሌ የመጀመሪያ ቀን «ጋቢዬስ?» አለኝ። «ወጡ ለብሶታል» አልሁት።

ይሄኔ ነው እትዬ ዘሃራ ሊቀመንበሩ ፊት የቆሙት። የዓሣ አጥማጅ ሚስት ናቸው፤ ዓሣቸውን የሚጠብሱት በእንጨት ነው።

«ጓድ፣ እኔ ከተወለድሁ ፎርኔሎ ለኩሼ አላውቅም። ነፃ ከተወጣም መጀመሪያ እኔ ነኝ!»

«እሱ አይቆጠርም እትዬ ዘሃራ። መተው የሚችለው ያለው ሰው ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ሥጋ የሌለው ሰው ጾሙ አይቆጠርለትም ማለትዎ ነው?»

ሊቀመንበሩ ሳቁ። «እንግዲያው ይግዙና ይተዉት።»

ገዙ። ሽቦው የተቃጠለ፣ ምንም ቢሰኩት የማይግል ፎርኔሎ ከቅዳሜ ገበያ ገዝተው ጋሽ አዳሙ በሚያዩት መስኮት ላይ ሰየሙት። የሰፈሩ ባለ እንጨት ሁሉ ተከተላቸው። ሰባራ ፎርኔሎ ከደህናው እኩል ተወደደ። ላለመለኮስ ዕቃ የሚገዛ አገር ሌላ ካወቃችሁ ንገሩኝ።

ብቻ አምፖሉ ነጣ። ፊደሉ ነጭ ነጠላ ላይ እንደፈሰሰ ኑግ አንድ በአንድ ይለቀም ጀመር።

እሑድ ግን አዳራሹ ባዶ ሆነ። ጓድ ሊቀመንበር እንደ ልማዳቸው ረጅም ንግግር አደረጉ፤ የሚሰሟቸው ጋሽ አዳሙ ብቻ፣ እሳቸውም በሥራ ግዴታ። በመጨረሻ «ጥያቄ ያለው?» ቢሉ ጋሽ አዳሙ እጃቸውን አወጡ።

«ጓድ፣ እኔም ፎርኔሎ ልግዛ ይሆን?»

ነፃነቱ በዚያው ተሻረ። ከሰኞ ጀምሮ የፈለገ ይለኩስ፣ ስብሰባ ግን የሚቀር የለም ተባለ።

ሰኞ ማታ አዳራሹ ውስጥ ከአምፖሉ ሥር ቁጭ አልሁ። ልጄ ጡት ይዟል፤ የእኔ ዓይን መጽሐፉ ላይ ሳይሆን ጣራው ላይ ነው። አሁን ይቀላል፣ አሁን ይቀላል። አንዴ ብልጭ ድርግም አለ። ተመልሶ ጸና። አልቀላም!

ወደ ማታ ማብሰል ማን ይመለሳል? ድስቷን በጋቢ አስተኝታ ማታ ሐይቁ ዳር ነፋስ የተቀበለች፣ ታንኳዎቹ ሲገቡ እያየች ከጎረቤቷ ጋር የሳቀች ሴት፣ ደግሞ ፎርኔሎ ላይ ልታጎነብስ? ሊቀመንበሩ ሽልማቱን ወሰዱ፤ ምሽቱ ግን እኛው ጋ ቀረ።

በሩ ተከፈተ። እትዬ ዘሃራ ናቸው፤ ከኋላቸው የሰፈሩ ሴቶች ተግተልትለዋል።

«ሐይቁ ዳር ትንኝ ከሚበላን ፊደል እንቁጠር ብለን መጣን» አሉ።

በመብራት እጦት ሊዘጋ የነበረው ክፍል በወንበር እጦት ተጨነቀ። ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅሁላቸው። እትዬ ዘሃራ ከጎኔ ተቀምጠው የአምፖሉን ንጣት አዩ፣ ባዶ እጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ።

ያለኝ አንድ እርሳስ ነው። እርሳስ ደግሞ እንደ ጧፍ አይደለም፤ ሲያካፍሉት ይጎድላል። ከመካከሉ ሰበርሁና የተቀረጸውን ወገን ሰጠኋቸው።